አፍጥር በእናቶች ማቆያ

በረመዳን ወር በአጋሮ ከተማ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲያልፍ መንገዱ ሌላ መልክ ይይዛል። ሳምቡሳ ጠባሾች በየደጃፉ ዘይት ያሞቃሉ፤ ተምር በትንንሽ ፌስታል እየተቋጠረ ይሸጣል፤ ባጃጆች ሰውን ከመግሪብ አዛን በፊት ቤቱ ለማድረስ ይሽቀዳደማሉ። ከቡናው ወራት የተረፈ ገንዘብ ያለውም የሌለውም በዚያች ሰዓት አንድ ነገር አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ያቀናል።

በዚያው ሰዓት ወደ ቤታቸው የማያቀኑ ሴቶች አሉ። በጎማ፣ በሰቃ ጨቆርሳ፣ በቀርሳና በሌሎችም የጅማ ዞን ወረዳዎች፣ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ በተሠሩ አነስተኛ ቤቶች የሚቆዩ፣ ወራቸው የገባ ነፍሰ ጡሮች ናቸው። ቤቱ «የእናቶች ማቆያ» ይባላል። ከጤና ጣቢያው ርቃ የምትኖር ወይም በቀደመው ወሊዷ ችግር የገጠማት ሴት ምጧ ሳይመጣ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድማ መጥታ እዚያው ትቀመጣለች። ምጥ በጀመራት ጊዜ አዋላጇ ነርስ ያለችው ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ነው።

በረመዳን በዚህ ቤት አንድ የታወቀ ክርክር አለ። ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች እንድታፈጥር ሃይማኖቱ ይፈቅድላታል። ቢሆንም አገሩ ሁሉ ፆሞ እርሷ ብቻ ምሳ መብላት የሚከብዳት ሴት ብዙ ናት። «ሰው ሁሉ ሲፆም እኔ እንዴት ብዬ?» ትላለች። አዋላጇ ትቆጣለች፤ አማት መሐል ገብተው «ልጄ፣ አላህ ያገራልሽን አንቺ አታክብጂው» ይላሉ። በዚህ ክርክር ዳኛ ልንሆን አንችልም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ፆመችም አልፆመችም፣ ማታ የምትበላውን የሚያመጣላት ማን ነው?

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ወደ ኢትዮጵያ ለድንገተኛ ሕክምና ተብሎ ከውጭ የመጣው እርዳታ በጅማ ዙሪያ የቱ ጋ እንደያዘና የቱ ጋ እንደተንሸራተተ ስንከታተል፣ ደጋግመን የተመለስነው ወደዚሁ ጥያቄ ነው።

ጅማ ከባዕድ እጅ የመጣ ሕክምናን ከጥንትም ታውቃለች። የዛሬው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መሠረቱ የተጣለው በ1930 ዓ.ም. ገደማ በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ የተሠራውም ለወራሪው ወታደሮች እንጂ ለአባ ጅፋር አገር ሕዝብ አልነበረም። ጠላት ሲወጣ ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታል ተባለ፤ በኋላም ጅማ ሆስፒታል ሆነ። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1975 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ ሆስፒታሉ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ 15 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ የመጨረሻው ተስፋ ነው። ከበደሌ፣ ከሚዛን፣ ከቴፒ የተላከ ሕመምተኛ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ እዚያ ይደርሳል።

አምቡላንስና የውጭ እርዳታም በአገራችን አብረው የገቡ ናቸው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ጦርነቱ ደጃፍ ላይ በደረሰበት ጊዜ ነው። ወዲያው ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድ የአምቡላንስ ቡድኖች መጡ፤ ከግብፅም የቀይ ጨረቃ ሐኪሞች መጥተው በምሥራቁ ግንባር ቁስለኛ አከሙ። የስዊድኑ ቡድን በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ በፋሽስት አውሮፕላኖች ተደበደበ። ያ እርዳታ ደም የተከፈለበት ነበር። አገልግሎቱ ግን ከቡድኖቹ ጋር አብሮ ሄደ፤ ከወረራው በኋላ ማኅበሩ ሥራውን እንደገና መጀመር ነበረበት። ዛሬ በ907 የሚጠራው የቀይ መስቀል አምቡላንስ የዚያ ማኅበር ነው።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። ድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ የሐኪም ሙያ ሆኖ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መሰጠት የጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። የዊስኮንሲንና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እየተመላለሱ አስተማሩ። ተማሪዎቹ ሲመረቁ መምህራን ሆኑ። እርዳታው የሠራበት ቦታ ይህ ነው፤ መኪና ሳይሆን ሰው ትቶ ሄደ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ2000 ዓ.ም.፣ በዚያው ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው ሦስት አምቡላንስ ገዝተው «ጠቢታ»ን ማቋቋማቸውም አይዘነጋም። ይህ ሁሉ ግን በአዲስ አበባ ነው። ጌራ ወይም ዴዶ ቀበሌ ውስጥ ሌሊት ደም የሚፈስሳት ሴት ዘንድ ለመድረስ ገና ብዙ መንገድ ይቀራል።

የእናቶችን ሞት የሚያጠኑ ባለሙያዎች ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ «ሦስቱ መዘግየቶች» ይናገራሉ። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ነው፤ «እንሂድ» የሚለው ቃል እስኪወጣ ያለው ጊዜ። ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ነው፤ ደም የለም፣ መብራት ጠፍቷል፣ ቀዶ ሐኪሙ ሌላ ሕመምተኛ ላይ ነው። አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ብርቱ መድማት ከገጠማት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ሦስቱ መዘግየቶች እነዚህን ሁለት ሰዓታት ይሻሙባታል።

አምቡላንስ የሚያሳጥረው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ያም ቢሆን ቀላል አይደለም። መንግሥት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ ከለጋሾች በተገኘ ገንዘብ ጭምር፣ ለእያንዳንዱ ወረዳ ቢያንስ አንድ አምቡላንስ ለማዳረስ ተንቀሳቀሰ። በየወረዳው ከተማ ነጩ ላንድክሩዘር ሲገባ የነበረውን ደስታ የምናስታውስ እናስታውሳለን። ነገር ግን ሂሳቡን እናስላ። የጎማ ወረዳ ብቻ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከ200 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው። አንድ መኪና፣ አንድ ወይም ሁለት ሾፌር፣ የተራራ መንገድ። አምቡላንሱ ወደ ጅማ ሕመምተኛ ይዞ ከወጣ ሌላዋ እናት እስኪመለስ ትጠብቃለች። ጎማ ሲያልቅ፣ ነዳጅ ሲጠፋ፣ የወረዳው በጀት ሰኔ ሳይደርስ ሲሟጠጥ መኪናው ይቆማል። አገልግሎቱ ለወላድ ነፃ መሆኑ በሕግ የተቀመጠ ቢሆንም በብዙ የአገሪቱ ክፍል ቤተሰብ «የነዳጅ» ሲጠየቅ የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። ለጋሹ መኪናውን ይሰጣል፤ የነዳጁን ደረሰኝ ግን ማንም በፎቶ አያነሳውም።

አምቡላንስ አይጠቅምም እያልን አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 114 ኪሎ ሜትር ላይ ወሊሶ አለች። በዚያ የቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል ከጣሊያኑ ኩዋም ድርጅት ጋር ሆኖ ለወላዶች የአምቡላንስ አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል። በዚሁ አገልግሎት ላይ ተጠንቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጽሑፍ ወጪው ካዳነው ሕይወት ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። ልዩነቱ የት ነው? አምቡላንሱ፣ አዋላጇ፣ ቀዶ ሕክምናውና የነዳጁ ገንዘብ በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ መሆናቸው ነው። መኪና ብቻውን አልመጣም።

በጅማ ዙሪያ የተሞከረው ሌላ መንገድ ነው፤ በሰፊው ልንነግራችሁ የወደድነውም ይህንኑ ነው። አምቡላንሱ ወደ ሴትየዋ ከሚሮጥ ሴትየዋ ቀድማ ትምጣ። የእናቶች ማቆያ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲና የካናዳው የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ግን በካናዳ መንግሥት ድጋፍ በጎማ፣ በሰቃ ጨቆርሳና በቀርሳ ወረዳዎች በወግ ሊፈትኑት ተነሡ። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ 3 ሺህ 784 እናቶችን ቤታቸው ድረስ ሄደው ጠየቁ። በጤና ተቋም የወለዱት ግማሽ ያህሉ ናቸው። በማቆያ የቆዩት ግን ከመቶ 7 ገደማ ብቻ ሆኑ።

በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 26፣ በ2011 ዓ.ም. ከመቶ 48 ሆኑ። ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች ቁጥርም በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት 871 በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርዷል። በሃያ ዓመት ውስጥ የታየው ለውጥ ትልቅ ነው። ለውጡን ያመጡት በአብዛኛው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ ቤት ለቤት የሚዞሩ፣ አብዛኞቹ ከዚያው ቀበሌ የወጡ ወጣት ሴቶች። ወደ ማቆያው የመጡት ግን ጥቂት ሆነው ቀሩ።

አጥኚዎቹ 24 ጤና ጣቢያዎችን በዕጣ በሦስት ምድብ ከፈሉ። በአንደኛው ምድብ ማቆያዎቹ ደረጃቸው እንዲሻሻል ተደረገ፤ የአካባቢው መሪዎችም ሠለጠኑ። በሁለተኛው ሥልጠናው ብቻ ተሰጠ። ሦስተኛው እንደነበረው ቀጠለ። ሠልጣኞቹ እነማን ነበሩ? የሃይማኖት አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የሴቶች ቡድን መሪዎች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች። በጅማ ዞን የሃይማኖት አባት ሲባል በአብዛኛው የመስጂድ ኢማም ነው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ «ሚስቶቻችሁን ቀድማችሁ አድርሱ» ብሎ የሚናገር ኢማም ከአሥር ፖስተር ይበልጣል የሚለው እምነት ከእቅዱ መሠረቶች አንዱ ነበር።

ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ታተመ። በጤና ተቋም በሚወልዱት ቁጥር ላይ በምድቦቹ መካከል የታየው ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው በግልጽ የሚበልጥ ሆኖ አልተገኘም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እንፈልጋለን። በእርዳታ ዓለም ብዙ ጊዜ የሚነገረን የሪባን መቁረጡ ዜና ነው፤ ስንት ቤት ተሠራ፣ ስንት አልጋ ገባ። የጅማና የኦታዋ ሰዎች ግን ገንዘብ አውጥተው፣ ሠርተው፣ ቆጥረው፣ «የጠበቅነውን ያህል አልሆነም» ብለው በይፋ ጻፉ። ይህ ክብር ይገባዋል። ሥራው የተካሄደበት ጊዜም አገሪቱ ባልተረጋጋችበት፣ መንገድ በሚዘጋበትና በየወረዳው ኃላፊዎች በሚለዋወጡበት ወቅት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ያም ሆኖ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ቤቱን ማሳመር ብቻውን ሴትየዋን ከቤቷ አያወጣትም።

ለምን? በአካባቢው ሴቶችን ያነጋገሩ ሰዎች የሚሰሙት ምክንያት ከዓመት ዓመት ያው ነው። ልጆቹን ማን ያያል? ላሟን ማን ያልባል? ባል ይፈቅዳል? አብራኝ የምትቆየው ሴት ማን ናት? ምን እንበላለን? አሥራ አምስት ቀን ከቤት መራቅ ለአንዲት የገጠር እናት ዕረፍት አይደለም፤ ቤቱን ያለ ምሰሶ መተው ነው። በረመዳን ደግሞ ይብሳል። ሱሁር የምታሰናዳ እርሷ ናት፤ ለአፍጥር ሾርባውን የምትጥድ እርሷ ናት። «ከዒድ በኋላ እሄዳለሁ» ትላለች። ምጥ ዒድን አይጠብቅም።

ቡና ለቀማም እንዲሁ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በጅማ ዙሪያ ሥራ የሚፈታ እጅ የለም። በዚያ ወራት ወሯ የገባባት ሴት ቅርጫቷን ይዛ ቡና ስር መገኘቷ አያስገርምም፤ የዓመቱ ገንዘብ ያኔ ነውና። ከዛፍ የወደቀ ቀፎ ሰቃይ፣ እባብ የነደፈው ለቃሚ፣ ቡና ጭኖ የተገለበጠ አይሱዙ፣ ሁሉም በአንድ ወቅት ይመጣሉ። አንዷ አምቡላንስ ለእነርሱም ናት።

ከመካከላችን አንዱ በቡና አገር ያደገ ነው። በልጅነቱ ያየውን ቃሬዛ እስካሁን ያስታውሳል። የታመመችውን ሴት አልጋዋ ላይ እንዳለች አስረው፣ ስምንት ወንዶች እየተፈራረቁ፣ ሌላ ስምንት ከኋላ ተከትለው ይሸከሟታል። ማንም ጥሪ አይጠብቅም፤ ጩኸት የሰማ ሁሉ ዱላውን ጥሎ ይመጣል። ያልመጣ በማግሥቱ በእድር ይጠየቃል። ይህ ራሱ የድንገተኛ ሕክምና አገልግሎት ነው፤ ሾፌሩ፣ ነዳጁና የአገልግሎት ደንቡ ሁሉ ከሰፈር የሚወጣ። ቀርፋፋ ነው፤ ወንዝ ሲሞላ ይቆማል። ነገር ግን በጀት አልቆበት አያውቅም።

ስለ ወንዝ ካነሣን አንድ ታሪክ እንጨምር። አጋሮ የጎማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ የቡና መገኛ ነው የሚባለው ጮጬም በዚሁ ወረዳ ነው። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በጌትስ ፋውንዴሽን ገንዘብ ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት በአጋሮ ዙሪያ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው እሸት ቡና አጥበው እንዲሸጡ አገዘ። ከእነዚህ ማኅበራት አንዱ ዱሮሚና ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ወጣ። ቀድሞ በርካሽ ይሸጥ የነበረው የአካባቢው ቡና በዓለም ስም አገኘ። አባላቱ ከትርፉ ከፍለው ካዋሉበት ነገር አንዱ ድልድይ እንደሆነ ሲደግፋቸው የነበረው ድርጅት ጽፏል። ድልድዩ ወደ ገበያ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ጤና ተቋም ያሻግራል።

በዚያ ፕሮጀክት ውስጥ «ድንገተኛ ሕክምና» የሚል መስመር አልነበረም። የቡና እርዳታ ነው። ነገር ግን ሁለተኛውን መዘግየት ያሳጠረ፣ ጥገናውም ከማኅበሩ ኪስ ሊወጣ የሚችል ድልድይ ወለደ። ለእኛ ከብዙ አምቡላንስ ርክክብ ሥነ ሥርዓት ይልቅ ይህ ይበልጥ ይነግረናል። ገንዘቡ የሰዎቹ ሆነ፤ የት ቦታ እንደሚያስፈልግ የወሰኑትም ቃሬዛውን የሚሸከሙት ራሳቸው ናቸው።

የውጭው እጅ ሲታጠፍ ምን እንደሚሆን ደግሞ በቅርቡ አይተናል። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን እንዲቆም አዘዘ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ የጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ደብዳቤ ጻፈ። አሜሪካ ለኢትዮጵያ ትልቋ ለጋሽ ነበረች። በኤችአይቪ፣ በወባ፣ በእናቶች ጤና ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች ቅዳሜ ሥራ ላይ ውለው ሰኞ ቤታቸው ቀሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሚቀጥለው ወር ረመዳን ገባ።

በዚያው 2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ከቡና ያገኘችው ገቢ ከ2 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተመዘገበ፤ እስከዚያ ጊዜ ያልታየ ገቢ ነው። ሁለቱን ዜናዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ዝም ማለት አልቻልንም። የዓለም ገበያ የሚሻማበት ቡና ከሚወጣበት ቀበሌ አንዲት እናት ወደ ጅማ ለመድረስ የባዕድ አገር ፓርላማ በጀት ማጽደቁን ልትጠብቅ አይገባም። ይህን ስንል እርዳታውን መናቃችን አይደለም። መምህር ሲልክ፣ ሐኪም ሲያሠለጥን፣ የሠራውን በሐቅ ሲቆጥር አመስግነን እንቀበለዋለን። የነዳጁንና የሾርባውን ነገር ግን ከሩቅ መጠበቅ አይሆንም።

ሾርባው ላይ ደረስን። ማቆያዎች በሚሠሩባቸው ቦታዎች ምግቡ የሚመጣው ከሦስት ወገን ነው። ቤተሰብ ይዞ ይመጣል፤ ጤና ጣቢያው ከውስጥ ገቢው ጥቂት ይደጉማል፤ ሕብረተሰቡ ከመከር በኋላ እህል ያዋጣል። በቆሎ፣ ጤፍ፣ ባቄላ፣ ቡናም ጭምር፤ ቡና የማይፈላበት ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት ተቀመጪ ቢሏት እሺ የምትል የጅማ ሴት አናውቅም። መዋጮው ደርቶ በሚሰበሰብበት ቀበሌ የገንፎ እሳት አይጠፋም። በሚረሳበት ቀበሌ አልጋው ተነጥፎ ክፍሉ ተቆልፎ ይገኛል።

ረመዳን ለዚህ የተመቸ ወር ነው። በዚህ ወር ሰደቃው ይበዛል፤ በየመስጂዱ በራፍ ምስኪኖች ይፈጥራሉ፤ ከዒድ ሶላት በፊት የዘካተል ፊጥር እህል በየቤቱ ይሰፈራል። ለማን ይሰጥ የሚለውን፣ ቡና ላይስ ዘካት አለ ወይ የሚለውን ለዑለማዎቹ እንተዋለን፤ የእኛ ድርሻ አይደለም። የሰደቃ በር ግን ሰፊ ነው። መስጂዱና ጤና ጣቢያው በአብዛኞቹ የቡና ከተሞች በእግር አሥር ደቂቃ አይራራቁም። ከመስጂዱ ድስት አንድ ሳህን ወደ ማቆያው ቢሻገር ፕሮጀክት አያስፈልገውም፤ የጨረታ ሰነድም የለውም። በአንዳንድ ሰፈር ይህ ሳይነገር ይደረጋል። የጀመዓው ሴቶች ሾርባውን በቴርሞስ፣ ሳምቡሳውን በጨርቅ ሸፍነው ያደርሳሉ፤ ዱዓም አድርገው ይመለሳሉ። በነጋታው የሰፈሩ ሰው «እዚያ ሰው አለ» ብሎ ያወራል። ምናልባት አንድ ባል ይህን ሰምቶ «ሂጂ፤ ብቻሽን አትሆኚም» ይላል። በዕጣ ተከፍሎ በተቆጠረው ጥናት ውስጥ ያልገባው ይህ ነገር ይመስለናል። መለኪያ ስለሌለው ስንት እንደሚያመጣ መናገር አንችልም።

የስልኩንም ጉዳይ እንዳንረሳ። የወረዳው አምቡላንስ ሾፌር ቁጥር በብዙ ቀበሌ የሚገኘው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። የእርሷ ባትሪ ካለቀ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል። ይህን ለማስተካከል ከኦታዋም ከሙኒክም ሰው መምጣት የለበትም፤ ቁጥሩን በመስጂዱ በር ላይና በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ በቀለም መጻፍ ይበቃል። ሾፌሩም ሲቀየር ቀለሙን ማደስ።

አሁን በጋ ነው። ከጅማ ወደ ሊሙ ገነት፣ ከአጋሮ ወደ ጌራ የሚወስደው መንገድ አቧራማ ቢሆንም መኪና ያሳልፋል። ከዒድ በኋላ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ክረምት ይገባል፤ ጅረቱ ይሞላል፤ ኮረብታው ጭቃ ይሆናል። ያኔ አምቡላንሱ የማይሻገረው ቀበሌ የትኛው እንደሆነ ሾፌሩም፣ አዋላጇም፣ የመስጂዱ ኢማምም ያውቁታል። በዚያ ቀበሌ በሰኔና በሐምሌ የሚወልዱት ሴቶች ዛሬ፣ በዚህ ረመዳን፣ የአምስትና የስድስት ወር ነፍሰ ጡሮች ናቸው።